በቤት ጋራዥ የአሉሚኒየም አውሮፕላን መሥራት፦ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስከ መጀመሪያው በረራ

ባለ ሁለት መቀመጫ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተመትቶ የሚጠፈጠፍ ትንሽ ምስማር መሰል ማያያዣ፣ ይፈጃል። እያንዳንዱ ሪቬት ቢያንስ ሁለት ላሜራ ያያይዛል፤ በእያንዳንዱ ላሜራ ላይም በልኩ የተበሳና ከሁለቱም ፊት የጸዳ ቀዳዳ ይፈልጋል። የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው፦ ያችኑ ትንሽ ሥራ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ፣ በሺህ አንደኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ተጠንቅቆ መሥራት። ትራፓኖ ይዞ የማያውቅ ሰው ሊማረው ይችላል። የሚቸኩል ሰው ግን ባይጀምረው እመክራለሁ።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩና ኪት (ተዘጋጅተው የሚሸጡ የአውሮፕላን ክፍሎች ስብስብ) ገዝታችሁ ለመሥራት ለምታስቡ ነው፤ ሕጉም፣ ኪቱም፣ የሚረዳችሁ ሰውም እዚሁ ስላለ። ምሳሌዎቼ ሁሉ አርቪ-7 ከሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የተወሰዱ ናቸው፤ ስድስት ዓመት በጋራዤ የሠራሁት እሱን ነውና። የአርቪ አውሮፕላኖችን የነደፈው ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን ሲሆን፣ የመሠረተው ቫንስ ኤርክራፍት ኦሪገን ግዛት ኦሮራ ውስጥ ይገኛል። እስካሁን ከ11,000 በላይ አርቪዎች ተሠርተው በርረዋል። ስለዚህ እናንተ የምትቸገሩበት ቦታ ሁሉ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ተቸግሮ መውጫ ያገኘበት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን «ኤክስፐሪሜንታል አማተር ቢልት» በሚባል ዘርፍ ያስተናግደዋል። ዋናው ቅድመ ሁኔታ አብዛኛውን ሥራ ሠሪዎቹ ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብለው የሠሩት መሆኑ ነው። ሰዉ «የ51 በመቶ ሕግ» የሚለው ይህንን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ ያዙ፦ ቀን፣ የሠራችሁበት ሰዓት፣ የሠራችሁት ክፍልና ፎቶ። በአንዳንዱ ፎቶ ላይ እናንተም ከነመሣሪያችሁ ታዩ። ይህ መዝገብ በመጨረሻ ለመርማሪው የምታቀርቡት ማስረጃ ነው፤ አውሮፕላኑ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የሚደረግለትን ምርመራ ራሳችሁ ለመፈረም የሚያስችላችሁን የጥገና ሰርተፊኬት ስትጠይቁም ይፈለጋል።

ጊዜውን በሐቅ አስሉት። ተራው የአርቪ-7 ኪት ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት 8 ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ አራት ወይም አምስት ዓመት ማለት ነው፤ ሠርግ፣ ለቅሶና የሥራ ለውጥ ሳይቆጠር። ገንዘቡም እንደዚያው። አዲስ ሞተር ብቻውን ከ40,000 ዶላር በላይ ነው፤ ሁሉም ሲደመር ከ100,000 ዶላር እንደሚያልፍ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ደግነቱ ኪቱ በክፍል በክፍል ይሸጣል፦ ጭራ፣ ክንፍ፣ ዋናው አካል፣ ማጠናቀቂያ። እኔ የክንፉን ኪት የገዛሁት በዕቁብ ነው፤ ዕጣው ሲደርሰኝ ጭራው አልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

መጀመሪያ ጭራውን ብቻ ግዙ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ በክንፉና በአካሉ ላይ የምትሠሩት ሥራ ሁሉ ደግሞ በትንሹ እዚያ አለ። ጭራውን ጨርሳችሁ ሥራውን እንደማትወዱት ካወቃችሁ የከሰራችሁት ጥቂት ነው። ከጭራውም በፊት ለመለማመጃ የሚሸጥ ትንሽ ኪት አለ፤ እሱን ሠርታችሁ አበላሹት፤ ለዚያ ነው የተዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመውና ዋና መቀመጫው ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሰን የሆነው የቤት ሠሪዎች ማኅበር ኢኤኤ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። አባል ሁኑ። ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሥራችሁን በነጻ የሚያይላችሁ ልምድ ያለው አማካሪ የምታገኙት በእሱ በኩል ነው። እኔ ሰው ፊት ስሕተቴን ማሳየት አፍሬ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዬን ሠራሁ። ያ ዓመት ከሁሉም የበለጠ ዕቃ የጣልኩበት ነው።

ጋራዡ

የአርቪ-7 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ጫማ፣ ማለትም 7.6 ሜትር ነው። ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ፤ ግራና ቀኝ ክንፍ ለየብቻ ይሠራሉ፣ ከአካሉ ጋር ለመጨረሻ የሚገጠሙትም አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ነው። የሁለት መኪና ጋራዥ ይበቃል፤ መኪኖቹ ውጭ ያድራሉ። ሁለት ጠንካራ ጠረጴዛ በወገባችሁ ቁመት ሥሩ፤ ፊታቸው ፍጹም ዝርግ ይሁን፣ ምክንያቱም አንድ ክፍል ጠማማ መሆን አለመሆኑን የምትፈትኑት በጠረጴዛው ነው። ብርሃኑ ጥላ እንዳይጥል ከብዙ አቅጣጫ ይምጣ። ክረምቱ በሚበረታበት ግዛት ካላችሁ ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ ከዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም ፕራይመርም ሆነ የነዳጅ ታንክ ማሸጊያ በብርድ አይደርቅም።

ስለ ጩኸቱ ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአየር የሚሠራ የሪቬት መዶሻ እንደ መትረየስ ነው የሚጮኸው። የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ካለው አንብቡት። ጋራዡን ከፍታችሁ ጎረቤቶቹን አስገቡና አሳዩአቸው፤ ምን እንደሚጮኽ ያወቀ ሰው በጩኸቱ ብዙም አይከፋም።

መሣሪያ

አገር ቤት ከብረታ ብረት ሥራ ጋር የተዋወቃችሁ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ፦ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ። ልዩ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ክሌኮ የምትባለዋ በሞላ የምትሠራ ትንሽ መያዣ ሪቬቱ እስኪገባ ድረስ ላሜራዎቹን አቆራኝታ ትይዛለች፤ ነጯ ለ3/32 ኢንች፣ የመዳብ ቀለሟ ለ1/8 ኢንች ቀዳዳ ናት። ብዙ መቶ ያስፈልጋችኋል፤ ሁልጊዜም ታንሳለች። ፑንታ፣ ማለትም የትራፓኖው መብሻ፣ በቁጥር ነው የሚገዛው፦ ለ3/32 ሪቬት ቁጥር 40፣ ለ1/8 ቁጥር 30። ደርዘን ደርዘን ግዙ፤ የደነዘዘ ፑንታ ቀዳዳውን ክብ አያደርገውም፣ ስለዚህ ሳታመነቱ ጣሉት። ኮምፕሬሰር፣ የሪቬት መዶሻ፣ ስኩዊዘር የሚባለው መጭመቂያ፣ ስርጉድ ማውጫ ዳይ ከነማቀፊያው፣ የቀዳዳ ማጽጃ። ባኪንግ ባር የሚባለው መመከቻ ብረት ከተንግስተን የተሠራ ቢሆን ውድ ነው፤ ግን ትንሽ ሆኖ ከባድ ስለሆነ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ሪቬቱንም አያዘልለውም። በሌላው ብትቆጥቡ በእሱ አትቆጥቡ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ደግሞ በቤት ላለው ሁሉ ይኑር፣ ሊያይ ብቻ ለገባውም ጭምር።

አሉሚኒየሙን ማወቅ

አብዛኛው ላሜራ 2024-ቲ3 የሚባለው ነው። ጥንካሬውን ያገኘው ከመዳብ ጋር ስለተቀላቀለ ነው፤ መዳቡ ግን በቀላሉ እንዲበላ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ፊትና ጀርባው በስስ ንጹሕ አሉሚኒየም የተለበጠው። ልባጡን አልፎ የገባ ጭረት የዝገት በር ነው። ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ በጥንቃቄ አለስልሱትና ፕራይመር ቀቡት። በእርሳስ ምልክት አታድርጉ፤ የእርሳሱ ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስስ ጫፍ ያለው ማርከር ተጠቀሙ። ላሜራው ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ሰማያዊ ፕላስቲክ ከጭረት ስለሚጠብቅ ሠሪው ሁሉ ይወደዋል፤ ለዓመታት ሳይነሳ ከቆየ ግን ሥሩ ዝገት ይጀምራል። የማትሠሩበትን ላሜራ ገፍፋችሁ አስቀምጡ።

የእያንዳንዱ ክፍል አሠራር

ጭራው ላይ ቆሞ አፍንጫውን ግራና ቀኝ ከሚያዞረው ራደር እስከ ክንፍ ተራው አንድ ነው። አንዴ ከለመዳችሁት እጃችሁ ራሱ ይሄዳል፤ አደጋውም ያኔ ነው።

1. ላሜራውን ከውስጥ የሚደግፉትን ጎድኖች አቅኑ። ከፋብሪካ ሲመጡ ትንሽ ይጎብጣሉ፣ ጠርዛቸውም 90 ዲግሪ አይሞላም። ጠርዙን በእጅ መጣጠፊያ አስተካክሉ፤ ጉብጠቱን ደግሞ ፍሉቲንግ ፒንሳ በሚባለው በቀዳዳዎቹ መካከል በትንሽ በትንሹ እየቆነጠጣችሁ ጎድኑ ጠረጴዛው ላይ ዝርግ ብሎ እስኪተኛ አቅኑት። ቀዳዳዎቹ መሐል ለመሐል ቀጥ ብለው መሰለፋቸውን እዩ።

2. ሁሉንም ክፍል በክሌኮ አያይዙት። ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን ስለበሳቸው በትክክል ይገጥማሉ። የማይገጥም ካለ አትግፉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግራውን ቀኝ አድርጋችሁታል።

3. እንደተያያዘ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመጨረሻው ልክ ብሱ። ፑንታው ለላሜራው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ትራፓኖው ሙሉ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ አታስነኩት።

4. ቦታቸውን በማርከር ጽፋችሁ በትኑት። በቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ሹል ከንፈር ከሁለቱም ፊት አንሱ። ማጽጃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ማድረግ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ብረቱን ራሱን መቁረስ ትጀምራላችሁ። የላሜራውን ጠርዝም አለስልሱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጠርዝ ጭረት ነው።

5. ከላይ ከአየር ጋር በሚገናኘው ፊት የሪቬቱ ራስ ከላሜራው እኩል እንዲተኛ ቀዳዳው ስርጉድ ይፈልጋል፤ ጉንጭ ላይ እንዳለው ስርጉድ ያለ ነው። ቀጭን ላሜራ ሁሉ በዳይ ይሠረጎዳል። ብረቱ ወፍራም ሲሆን ብቻ የሪቬቱ ራስ የሚተኛበት ቦታ ይቆፈራል፦ ለ3/32 ሪቬት ከ0.032 ኢንች፣ ለ1/8 ከ0.040 ኢንች የቀጠነ ብረት አይቆፈርም፤ ቀዳዳው እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ይቀራል።

6. ስኮች ብራይት በሚባለው ሻካራ ማሻሻ አሽታችሁ ቅባቱን አጥቡና የውስጡን ፊት ፕራይመር ቀቡ። የትኛው ፕራይመር ይሻላል የሚለው ክርክር ሠሪዎችን ሲያጨቃጭቅ ይኖራል፤ ኢፖክሲ ተጠቅሜያለሁ፣ ደግሜም እሱን እመርጣለሁ። ጭንብሉ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ አትርጩ።

7. እንደገና በክሌኮ አያይዛችሁ ሪቬቱን ምቱ።

ሪቬቱን መምታት

እጅ በስኩዊዘር የሚደርስበትን ሁሉ በስኩዊዘር ጭመቁት፤ እያንዳንዱ እኩል ይወጣል። የማይደርስበትን በመዶሻና በመመከቻ ነው። የአየሩን ግፊት ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) አካባቢ ጀምራችሁ በቁራጭ ላሜራ ላይ ልኩን ፈልጉ። ሪቬቱ ከመመታቱ በፊት ከላሜራው ጀርባ የሚወጣው ርዝመት የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል ይሁን። ከተመታ በኋላ የተጠፈጠፈው ጫፍ ስፋቱ የውፍረቱ አንድ ተኩል፣ ቁመቱ ግማሽ መሆን አለበት። ለ3/32 ሪቬት 3.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ነው፤ ለ1/8 ደግሞ 4.8 እና 1.6። የሚለካ ትንሽ መለኪያ ይሸጣል፤ እስክትለምዱ አንዱንም ሳትለኩ አትለፉ።

ለትላልቅ ክፍሎች ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከውጭ በመዶሻው፣ ባለቤቴ ከውስጥ በመመከቻው ነበርን። ጆሯችን ስለተደፈነ የምንናገረውን በሦስት ቃል ወሰንነው፦ «ያዝኩ» ትላለች፤ «ልምታ» እላለሁ፤ «ምታ» ስትል ብቻ ጣቴን እስባለሁ። መመከቻው ሳይኖር የተመታ ሪቬት ላሜራውን ያጎደጉደዋል፤ ያ ጉድጓድ በቀለምም አይደበቅም። ሲበቃ ማቆምን የሚወስነው መመከቻውን የያዘው ነው፤ ጫፉን የሚያየው እሱ ነውና። ስንጣላ ሥራውን ትተን እንገባ ነበር። ተናድዶ የተመታ ሪቬት እንደሚያስታውቅ አይተነዋል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው፦ የተበላሸ ሪቬትን ለማውጣት አትቸኩሉ። የመጀመሪያ ራደሬ ላይ አንድ ሪቬት ጫፉ ትንሽ ጋደል አለ። ልኩ ጥሩ ነበር፤ መልኩ ብቻ ቅር አሰኘኝ። ራሱን በሳሁት፣ ፑንታው ሸርተት ብሎ ቀዳዳውን ሞላላ አደረገው። ትልቁን የ1/8 ሪቬት ላስገባ ስል የጠርዙ ርቀት አነሰ፤ ከቀዳዳው መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ የሪቬቱን ውፍረት እጥፍ ያህል መተው ግድ ነው፣ ለ1/8 ደግሞ 6.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አልነበረኝም። ላሜራውን እንዳለ አዲስ አዘዝኩ። ሪቬቱን ብተወው ኖሮ እስከ ዛሬ ይዞ ነበር። አማካሪዬ በኋላ መጥቶ እንዳስተማረኝ፣ ልኩን ያሟላ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ላሜራዎቹን አጥብቆ የያዘ ሪቬት ትንሽ ቢጋደልም ይለፍ። የሚወጣው ላሜራዎቹ መካከል ክፍተት የተወ፣ በጣም የተጠፈጠፈ ወይም ታጥፎ የተኛ ነው።

ማውጣት ግዴታ ሲሆን፦ በራሱ መሐል በመርፌ ነጥብ ምቱ፤ በቁጥር 40 ፑንታ ራሱን ብቻ እስከ ላሜራው ፊት ድረስ ብሱ፣ አትለፉ። በፑንታው ልክ የሆነ ቀጭን ብረት ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ጎን ለጎን ሰበር አድርጉት፤ ራሱ ይነሳል። ከበስተጀርባ እንጨት ደግፋችሁ የቀረውን እግር በቀስታ አስወጡ። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ኤንኤኤስ 1097 የሚባለውን ትንሽ ራስና ወፍራም እግር ያለውን ሪቬት ተጠቀሙ። ይህን መቶ ጊዜ በቁራጭ ላይ ተለማመዱት። እውነተኛ ክንፍ ላይ የመጀመሪያችሁ አይሁን።

የነዳጅ ታንኩ

አርቪ-7 ነዳጁን የሚይዘው በክንፉ የፊት ጠርዝ ውስጥ ነው፤ ታንኩንም እናንተው ታሽጉታላችሁ። ማሸጊያው ሁለት ነገር በክብደት አሥር ለአንድ ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ ሬንጅ የመሰለ፣ የሚሸትና ከነካው ነገር ሁሉ ጋር የሚጣበቅ ነው። በኩሽና ሚዛን መዝኑት፤ ሚዛኑ ግን ወደ ኩሽና አይመለስም። ለሥራ የምታገኙት ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ጥቂት ጥቂት ቀላቅሉ። እያንዳንዱን የሪቬት ጫፍና መገጣጠሚያ ከውስጥ ሸፍኑ። ንጽሕናው ከማሸጊያው ብዛት ይበልጣል፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ያፈሳል።

ሲደርቅ ፈትኑት። ኮምፕሬሰር በፍጹም አታገናኙ፤ ታንኩ ይፈነዳል። በብስክሌት መንፊያ ከ1 ፒኤስአይ ሳታሳልፉ ሙሉት። ልኩን ለማወቅ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ቀለም የነካው ውኃ አድርጉ፤ የሁለቱ ጎን ልዩነት 70 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 1 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ አረፋ ፈልጉ። ሌሊቱን ውኃው ከፍና ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ እንደዚያ ያደርጋል። ጠዋት በዚያው ሙቀት ሰዓት ያንኑ ልክ ካሳየ ታንኩ ይዟል።

አካሉ፣ ሞተሩና ሽቦው

ዋናው አካል እንደ ጭራው ነው፣ በብዛት ይበልጣል እንጂ። አሁን ብሎንና ዳዶ ይበዛል። ኤኤን 3 የተባለው ብሎን ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ)፣ ኤኤን 4 ከ50 እስከ 70 ይጠበቃል፤ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከሆነ ለማዞር ብቻ የሚፈጀውን ኃይል ለክታችሁ ጨምሩበት። የጠበቀውን ሁሉ በቀይ ቀለም መስመር ምልክት አድርጉ፤ ያልተሰመረ ብሎን አልጠበቀም ማለት ነው። ሞተርና የኤሌክትሪክ ሥራ ራሱን የቻለ መመሪያ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ፦ እያንዳንዱን ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ስም ስጡት፣ ያስገባችሁትንም በዚያው ዕለት በሥዕል መዝግቡ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው

ክንፎቹንና አካሉን በተከራየ የጭነት መኪና ለየብቻ አጓጉዙ፤ ክንፉ በጠርዙ ቆሞ በወፍራም ምንጣፍ ታቅፎ ይሂድ። ሀንጋር ውስጥ ገጥማችሁ በሦስት ሚዛን መዝኑት፤ የክብደት ማዕከሉ ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ አይበርም። ምዝገባው፣ ኤን ብሎ የሚጀምረው ቁጥር፣ የማይቃጠለው የስም ሰሌዳ፣ መግቢያው አጠገብ የሚጻፈው «ኤክስፐሪሜንታል» የሚል ጽሑፍ፣ ለተሳፋሪ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከምርመራው በፊት ይጠናቀቅ። መርማሪው የሚመጣው የኤፍኤኤ ሠራተኛ ወይም የተወከለ ግለሰብ ነው። የሞተሩን ክዳንና የመፈተሻ በሮችን ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁት።

ከዚያ የሙከራ በረራ ምዕራፍ ይመጣል፦ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው የጸደቁ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40። በተወሰነ አካባቢ፣ ተሳፋሪ ሳይጫን። በግንባታው ዓመታት መብረር ያቆመ አብራሪ የመጀመሪያውን በረራ ራሱ አያድርግ፤ አስቀድሞ በሌላ አርቪ ከአስተማሪ ጋር ይለማመድ። እኔ በአምስተኛው ዓመት ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ማብረር አቁሜ ስለነበር፣ አውሮፕላኑ ዝግጁ ሆኖ እኔ ስድስት ሳምንት አስጠበቅሁት። በረራው ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ይሁን፤ ነዳጁ አፍንጫው ሽቅብ እንዳለ ለሞተሩ በበቂ መጠን መድረሱን መሬት ላይ ለክታችሁ አረጋግጡ፤ ቤተሰብ ሰብስባችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ከፍ ካላችሁ በኋላ ከማረፊያው በላይ ዙሩ፣ የሞተሩን ሙቀትና የዘይቱን ግፊት አንብቡ፣ ውረዱ።

እንዳረፋችሁ፣ ማንንም እጅ ከመጨበጣችሁ በፊት፣ የሞተሩን ክዳን አንሱና በባትሪ ብርሃን ዘይት፣ ነዳጅና የጭስ ማውጫ መጋጠሚያዎቹን ፈትሹ። በቀይ ያሰመራችሁባቸው ብሎኖች መስመራቸው እንደተጋጠመ መሆኑን አንድ በአንድ እዩ። ያገኛችሁትን በአውሮፕላኑ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከነሰዓቱ ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያ መስመር «0.6 ሰዓት፤ ቁጥር 3 ሲሊንደር ሥር ጥቂት ዘይት፤ የክዳኑ አንድ ብሎን ላልቷል፤ ተጠብቋል» ይላል።